ከኅዳር ወዲህ ሰርቨሩ በየሁለት ሳምንቱ ይሞታል፤ ሊብቨርት ነው ራሙን የሚበላው?

የአዘዞው | ታኅሣሥ 17፣ ጠዋት 3፡10

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር እጠብቃለሁ። ስሙ ይቅር። ያለን አንድ ማሽን ነው። 64 ጊጋ ራም፣ ኡቡንቱ 22.04፣ ኬቪኤም ከነማስተዳደሪያው ከሊብቨርት ጋር። ላዩ ላይ 9 ቪኤም (ምናባዊ ማሽን) ይሮጣል። ትልቁ የዳታቤዙ ነው፣ 20 ጊጋ ተሰጥቶታል። የቀሩት ስምንቱ ሦስት ሦስት ጊጋ አላቸው። ድምሩ 44 ነው። ለሲስተሙም ተቀንሶ ወደ 17 ጊጋ ትርፍ ሊኖረኝ ይገባል።

ግን በ13ኛው ወይም በ14ኛው ቀን ራሙ ያልቃል። ኦኦኤም ኪለር (ራም ሲያልቅ ፕሮግራም የሚገድለው የሊኑክስ ክፍል) ይመጣና የዳታቤዙን ቪኤም ይገድለዋል። ሁልጊዜ እሱን። መልሼ ሳስነሳው ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይወድቃል። መጨረሻ ላይ ማሽኑን በሙሉ ሪስታርት አደርጋለሁ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ሰላም ነው። ትናንት ማታ ለሦስተኛ ጊዜ ሆነ። ፒያሳ እራት ላይ ነበርኩ፣ ምግቡን ትቼ በባጃጅ ተመለስኩ።

አለቃዬ "ራም ይገዛ" ብለው የግዢ ጥያቄ አስጽፈውኛል። እኔ ደግሞ የጠረጠርኩት ሊብቨርትን ነው። አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኛል። ይህ ሰርቨር ሦስት ዓመት ሠርቷል። እስከ ኅዳር ድረስ አንድም ቀን እንዲህ አላደረገም። አዲስ ሶፍትዌር አልጫንኩም። በዚሁ ከቀጠለ ቀጣዩ የሚውለው ገና ቀን ነው። እባካችሁ።


ፒያሳ ቡና | ታኅሣሥ 17፣ ጠዋት 3፡25

ራሙን ግዛ፣ ዶሮህን ብላ፣ አትጨነቅ 😄


ቀሃ ማዶ | ታኅሣሥ 17፣ ጠዋት 4፡02

ከመፍረድህ በፊት አንድ ነገር ላጣራ። "ራሙ ያልቃል" ስትል የምታየው የትኛውን ቁጥር ነው? የፍሪን ትእዛዝ ስትሰጥ "ፍሪ" የሚለውን ዓምድ ካየህ ሁሌም ባዶ የቀረህ ይመስልሃል። ሊኑክስ ሥራ የፈታ ራም አይወድም። ከዲስክ ያነበበውን ሁሉ እዚያው ያቆየዋል፣ ፕሮግራም ሲጠይቀው ይለቃል። መታየት ያለበት በስተቀኝ ጫፍ ያለው "አቬይለብል" የሚለው ነው። ከርነሉ ራሱ ይህን ቁጥር መስጠት የጀመረው ከ3.14 ወዲህ፣ በ2014 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት ስንት ሰው በዚህ ካሽ ተደናግጦ ራም እንደገዛ ቤቱ ይቁጠረው።


የአዘዞው | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 2፡40

አመሰግናለሁ ወንድሜ። አቬይለብሉን አየሁት። ትናንት ማታ 15.9 ጊጋ፣ ዛሬ ማታ 14.7 ጊጋ። በአንድ ቀን 1.2 ሄዷል። ስለዚህ ካሽ አይደለም ማለት ነው?


ቀሃ ማዶ | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 2፡51

አዎ፣ ካሽ አይደለም። እጄን ሰጠሁ። በእርግጥ የሚወስድ አለ።


እንጦጦ ሥር | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 3፡30

ከአዲስ አበባ ነኝ። የኔም ተመሳሳይ ነው። ፕሮክስሞክስ (የቪኤም ማስተዳደሪያ ሲስተም) ላይ 32 ጊጋ አለኝ፣ ቪኤሞቼ 12 ብቻ ይወስዳሉ፣ ግን 28 ተይዟል ይለኛል። የዲስኩ ፋይል ሲስተም ዜድኤፍኤስ ነው። ሊክ (የተያዘ ራም አለመለቀቅ) ነው አይደል?


ጎሃ ላይ | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 4፡05

እንጦጦ ሥር፦ ያንተ ሊክ አይደለም። ዜድኤፍኤስ አርክ የሚባል የራሱ ካሽ አለው፣ ሊኑክስ ላይ ለረጅም ጊዜ በነባሪነት እስከ ራሙ ግማሽ ድረስ ይወስድ ነበር። 12 ሲደመር 16 ስንት ነው? 28። ፕሮክስሞክስ ከ8.1 ጀምሮ አዲስ ሲጫን ገደቡን ወደ 10 በመቶ አውርዶታል። ያንተ የቆየ ጭነት ሳይሆን አይቀርም። የአርኩን ጣሪያ ዝቅ አድርገው። በል አሁን ለባለጉዳዩ ቦታ ልቀቅ።

የአዘዞው፦ ልጄ፣ ሊብቨርት ነው ያልከው በምን አውቀህ ነው? ስሙ ስለሚታወቅ ነው እንጂ ለክተህ አይደለም። መጀመሪያ በፕሮሰስ በፕሮሰስ እንለካ። በየሰዓቱ የእያንዳንዱን ፕሮሰስ አርኤስኤስ ከነሰዓቱ ፋይል ላይ የሚጽፍ ባለሁለት መስመር ስክሪፕት ክሮን (በተቀጠረ ሰዓት ሥራ የሚያስነሳው) ውስጥ አስገባ። ቨርት የሚለውን ቁጥር እርሳው። እሱ ፕሮግራሙ የተመኘው አድራሻ ነው፣ አርኤስኤስ ግን በእውነት የያዘው ራም ነው።

ስታይ ደግሞ አትደንግጥ። ቪኤሞቹን የሚያሮጡት የኪውኢሙ ፕሮሰሶች ማደጋቸው በራሱ ሊክ አይደለም። ቪኤም ሲነሳ 20 ጊጋውን ወዲያው አይወስድም። ውስጡ ያለው ሲስተም በነካው መጠን እያደገ ይሄዳል። አንዴ የነካውን ደግሞ ውስጥ ቢለቀውም እንኳ፣ ባሉን (ራም ማስመለሻውን) ካላደረግህ በቀር፣ ውጭ ላለው ማሽን አይመልስም። 20 እና ትንሽ ላይ ሲደርስ ይቆማል። አንተ የምትፈልገው የማይቆመውን ነው።


የአዘዞው | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 4፡20

እሺ ጋሼ፣ ነገ ጠዋት አስገባዋለሁ። አንድ ጥያቄ። እስከዚያው ሊብቨርትዲን (ከጀርባ የሚሮጠውን የሊብቨርት ፕሮሰስ) ብቻ ሪስታርት ባደርገውስ? ቪኤሞቹ አብረው ይጠፉ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነክቼው አላውቅም።


ጎሃ ላይ | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 4፡34

አይጠፉም። እያንዳንዱ ቪኤም የራሱ ኪውኢሙ ፕሮሰስ ነው። ሊብቨርትዲ አስተናጋጅ እንጂ ቤቱ አይደለም። ቢወጣና ቢመለስ ቪኤሞቹ መሮጣቸውን ይቀጥላሉ፣ እሱም ተመልሶ በሶኬታቸው በኩል ያገኛቸዋል። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ ማሽን ሙሉ ያጠፋል። ግን አሁን አታድርገው። ሳንለካ ሪስታርት ካደረግህ ማስረጃውን አጠፋኸው ማለት ነው።


ፒያሳ ቡና | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 4፡50

ቫልግራይንድን (የሊክ መፈለጊያውን) አስነስቶ ሊብቨርትዲን በዚያ ውስጥ ማሮጥስ?


ጎሃ ላይ | ታኅሣሥ 18፣ ማታ 4፡58

ሰው በሚሠራበት ሰርቨር ላይ? ቫልግራይንድ ፕሮግራሙን ከ10 እጥፍ በላይ ያዘገየዋል። ለሙከራ ማሽን ግሩም ነው። እዚህ ግን ዶሮ ለማረድ ጎራዴ መምዘዝ ነው።


የአዘዞው | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 2፡15

ቁጥሩ መጣ። ማሽኑ ከተነሳ ዛሬ ማታ 4 ቀን ሆነው።

ኪውኢሙዎቹ ትናንትም ዛሬም ያው ናቸው። የዳታቤዙ 20.4 ላይ ቆሟል። ሊብቨርትዲ 74 ሜጋ ነው፣ በየቀኑ ከ10 ሜጋ ያነሰ ይጨምራል። ፓኔሉ 4.9 ጊጋ። ትናንት በዚህ ሰዓት 3.7 ነበር።

ሊብቨርትን በሐሰት ነበር የከሰስኩት።


ቀሃ ማዶ | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 2፡19

የምን ፓኔል???


ማራኪ 64 | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 2፡22

እኔም ልጠይቅ ነበር። እስካሁን ፓኔል የሚባል ነገር አላነሳህም።


የአዘዞው | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 2፡41

ይቅርታ፣ የራሳችን ስለሆነ ከቁም ነገርም አልቆጠርኩትም። ከኔ በፊት የነበረ ልጅ በፓይተን የጻፈው ነው። ቪኤሞቹን በድረ ገጽ ያሳያል፣ ማስነሻና ማጥፊያ አለው፣ ግራፍም ይስላል። ከሊብቨርት ጋር የሚነጋገረው በፓይተን ላይብረሪው ነው። ልጁ ሥራ ቀይሮ ሄዷል። እኔ ኔትወርክ ነው ሙያዬ፣ ኮድ ብዙም አልደፍርም።


ማራኪ 64 | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 3፡00

ፓይተን ከሆነ እኔ አለሁ። ሦስት ነገር ንገረኝ። መረጃውን በስንት ሰከንድ አንዴ ይሰበስባል? ሲሰበስብ የቪኤሙን ሙሉ ኤክስኤምኤል (የመግለጫ ጽሑፉን) ይወስዳል ወይስ ቁጥሮቹን ብቻ? ኤክስኤምኤሉ አንዱ ስንት ኪሎባይት ነው? የመጨረሻውን በቨርሽ (በሊብቨርት ትእዛዝ መስጫ) አውጥተህ ፋይል ላይ አድርገውና መጠኑን እይ።


የአዘዞው | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 3፡25

በየ5 ሰከንዱ። ሙሉ ኤክስኤምኤሉን ይወስዳል። አንዱ 8 ኪሎባይት ገደማ ነው። "ታሪክ" የሚባል ሊስት ውስጥ ይጨምረዋል።


ማራኪ 64 | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 3፡38

ሂሳቡን ተመልከቱልኝ። በየ5 ሰከንዱ ማለት በቀን 17,280 ጊዜ ነው። በ9 ቪኤም ሲባዛ 155,520። እያንዳንዱ 8 ኪሎባይት ከሆነ በቀን 1.2 ጊጋ ይመጣል። አንተ የለካኸው ስንት ነበር? 1.2።

ሊስቱ ላይ ይጨምራል እንጂ የሚቀንስ መስመር የለም፣ አይደል? ፓይተን የቆሻሻ ሰብሳቢ አለው ብለው ብዙ ሰዎች ሊክ አይኖርበትም ይላሉ። ሰብሳቢው የሚወስደው ማንም ያልያዘውን ነው። ይህን ግን ሊስቱ አጥብቆ ይዞታል። ለፓይተን ቆሻሻ አይደለም፣ ንብረት ነው። ሊክ ሲባል ውሃ የሚፈስ ይመስላል እንጂ ነገሩ ተበድሮ አለመመለስ ነው።

ሂሳቡ ልክ ቢመጣም እርግጠኛ ለመሆን ትሬስማሎክን ክፈትበት። ከፓይተን 3.4 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። አንድ ጊዜ ፎቶ ያነሳል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ያነሳል፣ ሁለቱን ስታወዳድር የትኛው ፋይል የትኛው መስመር እንዳበጠ ይነግርሃል። ኮዱን ነገ እልክልሃለሁ፣ አምስት መስመር ነው።


ጎሃ ላይ | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 3፡55

እጅሽን ቁርጥማት አይንካው።

ዳታቤዙ ለምን እንደሚሞትም አሁን ግልጽ ነው። ኦኦኤም ኪለር ጥፋተኛ ፈላጊ ዳኛ አይደለም። ዋናው መስፈርቱ ብዙ ራም የያዘው ማን ነው የሚለው ነው። በ14ኛው ቀን ፓኔሉ ወደ 16 ጊጋ ይደርሳል፣ ዳታቤዙ ግን 20 አለው። ስለዚህ ሌባው ቆሞ ባለጸጋው ይታሰራል። መልሰህ ስታስነሳው የሚወድቀውም ፓኔሉ ቦታውን ስላልለቀቀ ነው።

የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት። ኅዳር ላይ ምን ገባ? ሶፍትዌር አልልህም። ማንኛውንም ነገር።


የአዘዞው | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 4፡10

ኅዳር መጀመሪያ ላይ... ጄኔሬተር ገባልን። ከነትልቅ ዩፒኤሱ። ከዚያ በፊት የነበረው ዩፒኤስ 10 ደቂቃ አይቆይም ነበር።

ኧረ በስመአብ።


ቀሃ ማዶ | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 4፡12

😂😂😂 መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ እየጠፋ፣ ሊኩም አብሮ እየታጠበ ነበር!


የአዘዞው | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 4፡18

ድሮ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ይጠፋ ነበር። ረጅም ቆየ ከተባለ አንድ ሳምንት። ፓኔሉ 9 ጊጋ ሳይሞላ ማሽኑ ይወድቅና ከዜሮ ይጀምራል። ሦስት ዓመት ሙሉ መብራት በጠፋ ቁጥር ስንራገም ኖረናል።


እንጦጦ ሥር | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 4፡30

የአርኩን ጣሪያ 6 ጊጋ አደረግሁት፣ ሠራ። ደግሞ ይህን ታሪክ ቢሮ ወስጄ እነግራለሁ።


ፒያሳ ቡና | ታኅሣሥ 21፣ ጠዋት 2፡50

ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ክሮን ውስጥ "ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ፓኔሉን ሪስታርት አድርግ" ብለህ ጻፍና ገላግለው። ቪኤሞቹን አይነካ፣ ተጠቃሚ አያይ። መብራት ኃይል ሲሠራልህ የነበረውን ሥራ ለክሮን ስጠው።


ጎሃ ላይ | ታኅሣሥ 21፣ ጠዋት 3፡15

ትቀልዳለህ ግን እውነት አለህ። እኔም አድርጌው አውቃለሁ፣ አላፍርም። ምንጭ ኮዱ እጅህ ላይ ከሌለ ሌላ ምን ትሆናለህ? እዚህ ግን ኮዱ አለ፣ መስመሩም ሊታወቅ ነው። የአዘዞው፣ ለዛሬ ሌሊት ክሮኑን አስገባ። ለገና ዶሮህን በሰላም ትበላለህ። ጥገናው ሲያልቅ ታወጣዋለህ።


ማራኪ 64 | ታኅሣሥ 23፣ ከሰዓት 9፡40

ኮዱን በውስጥ መስመር ልኮልኝ አየሁት። ልጁ ደህና ጽፏል፣ አትሙበት። ለሁለት ለሦስት ቪኤም በራሱ ላፕቶፕ ላይ የጀመረው ይመስላል።

ትሬስማሎኩ እንደጠበቅነው የታሪኩን መስመር አንደኛ አወጣው። ሌላ ደግሞ አገኘሁ። ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር ከሊብቨርት ጋር አዲስ ግንኙነት ይከፍታል፣ የኩነት መስሚያም ይመዘግባል። መዝጊያም ማስወገጃም የለውም። የተመዘገበው መስሚያ ግንኙነቱን ይዞ ስለሚቆይ ገጹ ቢዘጋም ነገሩ አይሞትም። ቨርት-አድሚን በሚባለው ትእዛዝ የሊብቨርትዲን ደንበኞች ዝርዝር አስወጣሁት፣ 118 ደንበኛ ቆሞ ነበር። ሁሉም ያው ፓኔል ነው። ሊብቨርትዲ ቀስ እያለ ያደገው በዚህ ነው። ሰውየው ጤነኛ ነው፣ እንግዳ አልሄድለት ብሎ ነው።

እዚህ ላይ ትሬስማሎክ ብቻውን እንደማይበቃ ልብ በሉ። እሱ የሚያየው ፓይተን ራሱ የያዘውን ነው። በሲ የተጻፈው የሊብቨርት ላይብረሪ ውስጥ የሚያዘውን አያይም። ለዚያ ነው ከውጭ በአርኤስኤስ የለካነው ጠቃሚ የሆነው።

የቀየርኩት፦ አንድ ግንኙነት ለሁሉም ገጽ። ገጹ ሲዘጋ መስሚያው ይወገዳል። ታሪኩ ኤክስኤምኤል ሳይሆን ሦስት ቁጥር ብቻ ይይዛል። ሊስቱ ደግሞ 720 ላይ ጣሪያ ያለው ዴክ ሆነ፣ ማለት የአንድ ሰዓት ታሪክ። አዲስ ሲገባ አሮጌው በራሱ ይወጣል። ግራፉ ላይ የሚታየው ድሮም አንድ ሰዓት ብቻ ነበር! የቀረው በከንቱ ነው የተቀመጠው።


የአዘዞው | ታኅሣሥ 23፣ ማታ 1፡30

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ጫንኩት። ፓኔሉ ሲነሳ 110 ሜጋ ነው። ክሮኑንም አወጣሁት። ሊብቨርትዲንም ጋሼ እንዳሉት ሪስታርት አደረግሁት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። ቪኤሞቹ ንቅንቅ አላሉም።


የአዘዞው | ታኅሣሥ 26፣ ጠዋት 4፡00

አሁንም ያድጋል! 110 የነበረው 690 ሜጋ ደርሷል። ሌላ ሊክ አለ?


ማራኪ 64 | ታኅሣሥ 26፣ ጠዋት 4፡45

ቁጥሩን በየሰዓቱ ላክልኝ።

(አየሁት።) የመጀመሪያው ቀን ዘለለ፣ ከዚያ ዕድገቱ ቀነሰ፣ ካለፈው ማታ ጀምሮ 690 ላይ ቆሟል። ሊክ ቀጥ ብሎ እንደ መሰላል ይወጣል። ይህ ግን ጎብጦ ተኛ። ፓኔሉ ብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ) አለው። የሲስተሙ ራም አዳይ፣ ማሎክ፣ ትሬዶች እንዳይጋፉ ለየብቻ ጓዳ ያዘጋጅላቸዋል፣ አሬና ይባላል። ባለ 64 ቢት ላይ ከኮሮቹ ብዛት እስከ 8 እጥፍ ጓዳ ይፈቅዳል። እያንዳንዱ ጓዳ ውስጥ ትርፍራፊ ይቀራል። ማሎክ አሬና ማክስ የሚባለውን ተለዋዋጭ በሰርቪስ ፋይሉ ውስጥ 2 አድርገውና እንደገና አስነሳው። ባይሆንም ጉዳት የለውም።


ጎሃ ላይ | ታኅሣሥ 26፣ ቀን 6፡20

እዚያው ሰርቪስ ፋይል ውስጥ ሳለህ ሜሞሪ ማክስንም (የፓኔሉን የራም ጣሪያ) 2 ጊጋ አድርግ፣ ሲወድቅ በራሱ እንዲነሳም አዘው። ነገ ሌላ ሰው ኮዱን ቢነካና ሊኩ ቢመለስ 2 ጊጋ ላይ ራሱ ፓኔሉ ይሞታል፣ ራሱም ይነሳል። ዳታቤዙ የሰው ዕዳ አይከፍልም። በዚህ ክር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል የምሰጠው ይህችን መስመር ነው።


የአዘዞው | ታኅሣሥ 27፣ ማታ 2፡00

310 ሜጋ ላይ ቆመ። ሜሞሪ ማክሱም ገብቷል። መልካም ገና ለሁላችሁም!


የአዘዞው | ጥር 14፣ ጠዋት 3፡30

ክሩን ሳልዘጋ እንዳልቀር። ማሽኑ ዛሬ 28 ቀን ሆነው፣ አንድም ጊዜ አልጠፋም። ፓኔሉ 318 ሜጋ። ሊብቨርትዲ 41። አቬይለብል 15 ጊጋ ከምናምን። ገናም አለፈ። ከተራ ዕለት ታቦታቱን አጅቤ እስከ ፋሲለደስ መዋኛ ወረድኩ፣ ስልኬ አንድም አልጮኸም። የጥምቀት ዕለት መብራት ሁለት ጊዜ ሄዷል አሉ፣ እኔ አላወቅሁም።

ይልቅ አሁን ሌላ ጉዳይ አለኝ። ያ የግዢ ጥያቄ ጸድቆ ትናንት 64 ጊጋ ራም ደረሰ። አለቃዬ ሳጥኑን ይዘው መጥተው "ይኸው፣ ችግርህ ተፈታ" አሉኝ። ምን ልበላቸው?


ፒያሳ ቡና | ጥር 14፣ ጠዋት 3፡34

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" በላቸው።


ጎሃ ላይ | ጥር 14፣ ጠዋት 3፡50

ለዳታቤዙ ስጠው። ብዙ ተበድሏል።